አባባና የግንዱ ቤት

አባባ ቤት ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት ማዕዘኑን ነው። በሩን አይደለም፣ መስኮቱን አይደለም፤ ሁለቱ ግድግዳዎች የሚገናኙበትን ቦታ። ዐርባ ዓመት መጥረቢያና መሮ ይዘው የኖሩ አናጢ ናቸውና፣ ሌላው ሰው እንግዳን በዓይኑ እንደሚመዝን እሳቸው ቤትን በማዕዘኑ ይመዝናሉ። አሜሪካ፣ ሴንት ፖል መጥተው የእኔን አፓርታማ ያዩ ዕለት ማዕዘኑን በጣታቸው አንኳኩተው «ካርቶን ነው እንዴ?» አሉና ዝም አሉ። ጂፕሰም ቦርድ ነው ብላቸው ምን ዋጋ አለው? ካርቶን ነው።

የመጡት ለስድስት ወር ነበር። ሁለተኛው ወር ሳያልቅ ሰለቻቸው። እኔ ሌሊት ስለምሠራ ቀን እተኛለሁ፤ ባለቤቴ ሥራ፣ ልጄ ትምህርት ቤት። እሳቸው መስኮቱ ሥር ወንበር ስበው የመኪና ማቆሚያውን ሲጠብቁ ይውላሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፌ ስነሳ «ይኼ ሁሉ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የተጣላ የለም ብላቸው አላመኑኝም።

ያኔ ነው ኢታስካ ትዝ ያለኝ። አባባ የሰከላ ሰው ናቸው፤ ግሽ ዓባይ ከቤታቸው በእግር የሚደረስ ነው። ዓባይ ለእኛ ዘፈን ነው፣ ፖለቲካ ነው፤ ለእሳቸው ግን ጎረቤት ነው። እኔ የምኖርበት የሚኒሶታ ግዛት ደግሞ የሚሲሲፒ ወንዝ መነሻ አለው፤ መነሻው ያለበት ቦታ ኢታስካ ስቴት ፓርክ ይባላል። ከአንድ ትልቅ ወንዝ ራስ የመጣን ሰው ሌላ ትልቅ ወንዝ ራስ ወስጄ ላሳይ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያሰብኩት ስለ ውሃው ብቻ ነበር። ማደሪያው ማደሪያ ነው ብዬ ነው የያዝኩት።

ፓርኩ ውስጥ ያለው ዳግላስ ሎጅ በመስከረም ቅዳሜና እሁድ ክፍል አይገኝበትም፤ ሰው ከወራት በፊት ነው የሚይዘው። የሆነ ሰው ሰርዞ ለአርብ ማታ አንድ ክፍል ተገኘ። በፈረንጆቹ 2014 ነበር፤ በእኛ 2007 መስከረም 16፣ የደመራ ዕለት። አባባ ደመራን በመንገድ ላይ ማሳለፋቸውን አልወደዱትም። ልጄ ግን ገና ከቤት ሳንወጣ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የልጅ ልጅ ደግሞ ከቄስ በላይ ያሳምናል።

መንገዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት የሚያስወራ ነገር የለውም፤ በቆሎ፣ ነዳጅ ማደያ፣ በቆሎ። ከዚያ እርሻው ይሳሳና ሐይቁ ይበዛል። ፓርክ ራፒድስ የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ጫካው መንገዱን ከግራም ከቀኝም ያዘው። ከጥዶቹ መሀል ቅጠላቸው ወርቅ የመሰለ ዛፎች ብቅ ብቅ ይላሉ። አባባ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «አደይ እዚህ አገር ዛፍ ላይ ነው የሚወጣው» አሉ። ለልጄ የነገሯት እንደ ትምህርት ነው፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምታምነው።

ሎጁ ሐይቁን ቁልቁል እያየ ጥዶች መሀል ተቀምጧል። የግንድ ቤት ነው፣ ጠቆር ያለ ቡናማ። የተሠራው በ1905 ነው፤ አጼ ምኒልክ ዙፋን ላይ እያሉ ማለት ነው። እንጨቱ ከዚያው ከፓርኩ የተቆረጠ ነው። ስሙን ያገኘው ዋላስ ዳግላስ ከሚባል የሚኒሶታ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ፓርኩ በእንጨት ነጋዴ እጅ እንዳይገባ ከታገሉት አንዱ ነበር። «ታሪካዊ» የሚል ቃል ስሰማ፣ ኢትዮጵያዊ ነኝና፣ አፌ ጠመም ማለቱ አልቀረም። መቶ ምናምን ዓመት ምን ታሪክ አለው? ከጎንደር ግንብ አገር የመጣ ሰው፣ ከላሊበላ አገር የመጣ ሰው። ይህንኑ ለአባባ እየሳቅሁ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም። የሎጁን ማዕዘን እያዩ ነበር።

«ያ እኮ ድንጋይ ነው» አሉ። «ድንጋይ ለብቻውም ይቆማል። ይኼ እንጨት ነው። እንጨት መቶ ዓመት ቆመ ማለት መቶ ዓመት ሙሉ የሚያየው ሰው ነበረው ማለት ነው።»

ከዚያ ቀጥለው ያሉት ግን «ለአንድ ሌሊት ስንት ከፈልክ?» የሚል ነበር። ከመቶ ዶላር በላይ መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የታየውን እስካሁን አልረሳሁትም። ግንድ ቤት ውስጥ ለመተኛት። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ሰውን ከጭቃና ከጭራሮ ቤት አውጥተው የተላገ እንጨት፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ውስጥ ሲያስገቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቅርፊቱ ብቻ የተላጠ ድፍን ግንድ በአገራቸው አጥር እንጂ ሆቴል አይሠራም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አሜሪካኖች ለዚህ ዓይነት አሠራር ስም አላቸው። ወደ አማርኛ ልመልሰው ስል የሚመጣልኝ «ገጠርኛ» የሚል ነው፤ ችግሩ «ገጠሬ» በእኛ ስድብ መሆኑ ነው። ለእነሱ ሙገሳ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጫካ ውስጥ የሚሠራ ቤት ከዚያው ጫካ ድንጋይና ግንድ ይሠራ፣ ብዙ አይላግ፣ ቋጠሮው ይታይ፣ ከተማ ተሠርቶ የመጣ ሳይሆን እዚያው የበቀለ ይምሰል። ዳግላስ ሎጅ ከመሠራቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1904፣ «የሎውስቶን» በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ኦልድ ፌይዝፉል ኢን የሚባለው ግዙፍ የግንድ ሆቴል ተከፍቶ ነበር። ዘመኑ ነው። የከተማው ሰው በጡብና በከሰል ጭስ መሀል ሲታፈን፣ አያቱ ሸሽቶ የወጣበት የግንድ ቤት ናፈቀው። እኔ ይህን የቅንጦት ጨዋታ ነው ብዬ ነበር የማስበው። አሁንም በከፊል እንደዚያ አስባለሁ። ጭቃ ቤት የሚናፍቀው የወጣበት ብቻ ነው።

ክፍላችን ፎቅ ላይ ነበር። ወለሉ ሲረገጥ ይናገራል። ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ልጄ የርቀት መቆጣጠሪያውን አልጋ ሥር ሳይቀር ፈለገች። አባባ ክፍሉን አይተው «እዚህ ሰው ሲያስነጥስ ይሰማል፤ ጥሩ ነው» አሉ።

እራት ላይ ችግር ገጠመን። አርብ ነው፣ ጾም ነው። የአገሩ ሰው የሚያወድሰው የዱር ሩዝ ሾርባ ነው፤ ሩዙ ጠቆር ያለ፣ ረዘም ያለ፣ ሐይቅ ውስጥ የሚበቅል ሣር ፍሬ ነው። ኦጂብዌ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሰዎች በታንኳ እየገቡ፣ አገዳውን በአንድ ዱላ ጎንበስ አድርገው በሌላው እየመቱ ወደ ታንኳው ያራግፉታል። ያንን ለአባባ ሳስረዳ ፊታቸው በራ፤ «እንደ ጤፍ ውቂያ፣ ግን ውሃ ላይ» አሉ። ሾርባው ግን ክሬምና ዶሮ አለበት። ልጄ ለአስተናጋጇ «አያቴ ዛሬ ከላም ጋር የተያያዘ ነገር አይበላም» ብላ አስረዳችልን። አባባ ከባለቤቴ ቋጠሮ ውስጥ ዳቦና ቆሎ አወጡ። ሌላ ቦታ ቢሆን አፍሬ ነበር። እዚያ ግንድ ግድግዳ ሥር ቆሎ መቆርጠም ግን አላሳፈረኝም፤ ቤቱ ራሱ የቆሎ ቤት ይመስላል።

ከእራት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ካለው የድንጋይ ምድጃ ፊት ተቀመጥን። እሳት ነዶ ነበር። አባባ ፍም ፍሙን እያዩ፣ ግንዱ ወዴት እንደሚወድቅ ይከታተሉ ጀመር። ገባኝ። በደመራ ምሰሶው የወደቀበት አቅጣጫ ይታያል፤ ዓመቱን የሚነግረው እሱ ነው። ምድጃ ውስጥ ያለ ጉማጅ ወዴት ይወድቃል? ወደ ፊት፣ ወደ እኛ ወደቀ። «ወደ ቤት ነው» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እኔም ያነበብኩትን ተረኩላቸው። ፓርኩ የተመሠረተው በ1891 ነው፤ በምክር ቤቱ ያለፈው በአንድ ድምፅ ብልጫ ብቻ። ነገሩን የጀመረው ጄኮብ ብራወር የሚባል ቀያሽ ነው። ከእሱ በፊት አንድ ሰው «ትክክለኛውን የሚሲሲፒ መነሻ ያገኘሁት እኔ ነኝ» ብሎ፣ አቅራቢያ ያለች ትንሽ ሐይቅ ላይ የራሱን ስም ለጥፎ ነበርና ብራወር የተላከው ጠቡን በካርታ እንዲፈታ ነው። ቦታውን ሲለካ ጫካው ላይ ያንዣበበውን መጥረቢያ አየ። የሚኒሶታ ነጭ ጥድ በዚያ ዘመን እየተጋዘ የመካከለኛውን አሜሪካ ከተሞች ይሠራ ነበር። ብራወር የቀረ ዕድሜውን ይህን ጫካ ሲያስጥል ኖሮ፣ ሎጁ በተሠራበት በዚያው በ1905 ሞተ።

አባባ በጣም የወደዷት ግን ሜሪ ጊብስን ነው። በ1903 የፓርኩ ኃላፊ አባቷ ሲሞት ቦታው ለእሷ ተሰጠ፤ 24 ዓመቷ ነበር። የእንጨት ኩባንያ ግንድ ለማንሳፈፍ በሠራው ግድብ ሐይቁ ሞልቶ የዳርቻውን ዛፍ እያሰመጠ ነበር። እሷ ግድቡ ይከፈት ብላ ሄደች። መዝጊያው ዘንድ የታጠቀ ሰው ጠበቃት፤ የሚነካውን እተኩስበታለሁ አለ። እጇን ማንሻው ላይ አሳረፈች።

«ተኮሰ?»

«አልተኮሰም፣ አባባ።»

«ከዚያስ?»

«በጥቂት ወራት ውስጥ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ።»

አባባ ከት ብለው ሳቁ። «ጥይት ያልቻለውን ደብዳቤ ቻለው በለኛ!» አሉ። ዛፍ ቆረጣው ፓርኩ ውስጥ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቀጠለ። አስቡት፤ ቆረጣው ሲቀጥል እኛ የተቀመጥንበት ቤት ቆሟል። ጫካውን ሊያስጥሉ የመጡትን የሚያሳድረው ቤት ራሱ ከጫካው የተቆረጠ ነው። ይህ እኔን ግራ አጋባኝ፣ አባባን ግን ቅንጣት አላስጨነቃቸውም። አናጢ ዛፍ አይጠላም፣ ዛፍም አያመልክም።

በማግስቱ መስቀል ነው። ከንጋቱ ላይ ቀሰቀሱኝ። ወንዙ መነሻ የምንሄደው ሳንበላ ነው አሉ። ግሽ ዓባይ ላይ እህል የቀመሰ ሰው ወደ ጸበሉ አይጠጋም፤ እዚህም ያው ነው። ፈረንጆቹ ቡና ይዘው ነው የሚሄዱት ብዬ ልከራከር ነበር፤ ተውኩት። ልጄ ብቻ መኪና ውስጥ ብስኩት በላች፤ እሷ ሕፃን ናት ተባለ።

ሚሲሲፒ ከኢታስካ ሐይቅ የሚወጣው በሐይቁ ሰሜን ጫፍ በድንጋይ መደዳ ላይ እየተንሸራተተ ነው። ጉልበት አይደርስም። ልጅ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከዳር ዳር ይሻገረዋል። አጠገቡ የቆመ ግንድ አለ፤ የተቀረጸበትን ለአባባ አነበብኩላቸው፤ ከባሕር ወለል 1,475 ጫማ ከፍ ካለው ከዚህ ቦታ ተነስቶ 2,552 ማይል ተጉዞ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይገባል ይላል። የውሃው ጠብታ እዚያ ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል ይባላል። አባባ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ሰበሰቡ፣ ገቡ። ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ዘግነው ፊታቸውን አበሱ፣ አማተቡ። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እያየቻቸው እሷም ፊቷን አበሰች።

ስለ ስሙም ነገርኳቸው። ሄንሪ ስኩልክራፍት የሚባል ሰው በ1832 መጥቶ «መነሻውን አገኘሁ» አለ። መንገድ የመራው ኦዛዊንዲብ የሚባል የኦጂብዌ መሪ ነው። ኦጂብዌዎች ሐይቁን የኤልክ ሐይቅ ብለው ይጠሩት ነበር፤ ኤልክ አጋዘን መሳይ ትልቅ እንስሳ ነው። ስኩልክራፍት ግን አብሮት ከነበረ ሚስዮናዊ የላቲን ቃል ተውሶ «ቬሪታስ ካፑት»፣ እውነተኛ ራስ እንደ ማለት፣ አለና የመጀመሪያውን አናቱን፣ የሁለተኛውን ጅራቱን ቆርጦ «ኢታስካ» አደረገው። ስሙ የአገሩ ነባር ሰዎች ቃል የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። አባባ ጀምስ ብሩስን በስም አያውቁትም፤ «እኛም ጋ አንድ ፈረንጅ መጥቶ አገኘሁት ብሎ ሄደ ይባላል» አሉ፤ «ጠፍቶብን እንደነበረ አላወቅንም።» ብሩስ ግሽ የደረሰው በ1770 ነው። ከእሱም በፊት ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ በ1618 ቆሞበታል። ይህ አገኘሁ የሚባለው ነገር ሁሌም መንገድ የሚመራ ሰው አለው።

ከዚያ ልነግራቸው ያመነታሁትን ነገር ነገርኳቸው። ልጄ የምትዘልባቸው እነዚያ ድንጋዮች ሥር ሲሚንቶ አለ። ቦታው ድሮ ረግረግ ነበር፣ ወንዙ የት እንደሚጀምር በዓይን ለመለየት የሚያስቸግር። በ1930ዎቹ ሠራተኞች መጡና ረግረጉን ደልድለው፣ የውሃውን መውጫ አስተካክለው፣ ዝቅተኛ ግድብ ሠርተው በድንጋይ አለበሱት። ስለዚህ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት «ተፈጥሯዊ» መነሻ በሰው እጅ የተበጀ ነው። እኔ ይህን ያነበብኩ ዕለት የተታለልኩ ያህል ተሰምቶኝ ነበር። አባባ ውሃው ውስጥ እንደቆሙ ሰሙኝ።

«ምንጭ ማጎልበት ነዋ» አሉ።

ሳቄ መጣ። ወረዳው ዘንድ ያሉት የውሃ ልማት ሰዎች ቃል ነው፤ ምንጩን አጥረው፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ደፍነው፣ ቧንቧ የሚያወጡበት። አባባ ሁለት ጊዜ የቀን ሠራተኛ ሆነው ሠርተውበታል። «ከብት ሲረግጠው ይደፈርሳል። ሰው ሲበዛበትም ያው። አበጁት። ምን ነውር አለው?»

ወደ ሎጁ ተመለስን፣ እነሱ ፓንኬክ በሉ፣ እኔ ሁለት ሰው የሚበላውን በላሁ። ከዚያ ዶክተር ሮበርትስ የሚባለውን የእግር መንገድ ያዝን፤ ከሎጁ ቁልቁል ሐይቁ ዳር ወርዶ ጫካውን ዞሮ ይመልሳል። መንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ የግንድ ቤት አለች፤ የአዛውንቶቹ ቤት እንደ ማለት ነው ስሟ፤ ኦልድ ታይመርስ ካቢን። በ1934 የተሠራች ናት።

አባባ ከሩቅ ሲያዩዋት ቆሙ። ቤቷ ትንሽ ናት፣ ግንዶቹ ግን ግንድ ብቻ አይደሉም። እያንዳንዱ ግድግዳ በአራት ግንድ ተጠናቋል። አራት! አንዱ በሌላው ላይ ተጋድሞ አራቱ የሰው ቁመት አልፈው ጣሪያ ይደርሳሉ። አባባ አቧራ እንደሚነካ ሰው መዳፋቸውን ታችኛው ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ ማዕዘኑን ያዙ። ላይኛው ግንድ ታችኛው ላይ እንዲቀመጥ ጎድጎድ ተደርጎ ተፈልፍሏል፤ በኮርቻና በፈረስ ጀርባ ልክ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር በሁለቱ መሀል ያለውን ክፍተት ለመግባት ሞከሩ። አልገባም። ማዕዘኑን ዞረው ሌላውን ሞከሩ። አራቱንም። ከዚያ በጣታቸው አንጓ ታችኛውን ግንድ ከዳር እስከ ዳር እያንኳኩ፣ ጆሮአቸውን ጠጋ አድርገው አዳመጡ፤ ምስጥ የበላው ከበሮ ይሆናል፣ ጤነኛው ግን ድምፁን ይውጣል። ልጄም ተከትላ አንኳኳች። ግንዱ ሥር ያሉትን ድንጋዮች አዩ፤ እንጨቱ አፈር እንዳይነካ ያነሱት። ሲጨርሱ ወደኋላ ሁለት እርምጃ ሸሹና «ይኼን የሠራው አናጢ አይደለም» አሉ።

«እንዴት?»

«አናጢ አራት ግንድ አይጠቀምም፤ እንጨት ያባክናል። ይኼን የሠሩት ብዙ ጉልበት፣ ብዙ ጊዜ የነበራቸው ልጆች ናቸው። አንድ የሚያውቅ ሽማግሌ አጠገባቸው ነበር።»

ከዚህ በላይ በትክክል ሊባል አይችልም። የሠሩት ልጆች ናቸው። በዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን፣ በ1933፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሲቪሊያን ኮንሰርቬሽን ኮር የሚባል ፕሮግራም አቋቋመ። ሥራ ያጡ፣ ያላገቡ፣ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶች በካምፕ እየኖሩ ዛፍ ይተክላሉ፣ መንገድ ያወጣሉ፣ ፓርኮች ውስጥ የግንድና የድንጋይ ቤቶች ይሠራሉ። ፕሮግራሙ በ1942 እስኪቆም ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሰው አልፎበታል። አሠሪዎቹም በየአካባቢው ሥራ የሚያውቁ ሰዎችን እየቀጠሩ ልጆቹን ያሠለጥኑ ነበር። ዛሬ በመላ አሜሪካ ስቴት ፓርኮች ውስጥ የምታዩት ያ የገጠር መልክ ያለው ሎጅ፣ ጎጆ፣ የእሳት ምድጃ ሁሉ አብዛኛው የእነሱ እጅ ነው።

ክፍያው በወር 30 ዶላር ነበር። ከዚያ ላይ 25ቱ በቀጥታ ለቤተሰብ ይላካል። ልጁ እጅ ላይ የምትቀረው አምስት ናት።

ይህን ለአባባ ስነግራቸው ቁጥሩን ደግመው ጠየቁኝ። 25 ለቤት፣ 5 ለራስ። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። በየወሩ ዌስተርን ዩኒየን መስኮት ላይ የምቆመውን፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ በቫይበር የምልከውን ሁለታችንም ነው ያሰብነው። ያ ለአንድ ሌሊት የከፈልኩት ገንዘብ ድንገት ቅንጦት መሆኑ ቀረብኝ። የግንድ ቤቱ ውስጥ የሀብታም ናፍቆት ብቻ ሳይሆን፣ ከርቀት ቤት የሚያኖር ልጅ ላብም እንዳለ ያየሁት ያኔ ነው። በዚህ ላይ ከአባባ ጋር ተወያይተን አናውቅም።

ተመልሰን ሎጁ ፊት ያለው በረንዳ ላይ ስንቀመጥ አባባ ያላሰብኩትን ወሬ ጀመሩ። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ክብ፣ ሣር ክዳን ነበር። እኔ ልጅ እያለሁ ወደ ቆርቆሮ ተቀየረ። ያንን ክዳን ያፈረሱት፣ ወራጁን አስተካክለው ቆርቆሮውን የመቱት አባባ ናቸው። እንደ ክብር ነው ቤታችን ውስጥ የሚነገረው፤ እኔም ትምህርት ቤት ስኮራበት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ቅርስ ማንበብ ስጀምር፣ በልቤ አዝኜባቸው ነበር። በአፌ ግን ብዬ አላውቅም።

«ሣሩ ጠፍቶ እኮ ነው» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። «ግጦሹ ታረሰ። ረጅሙ ሣር ከየት ይምጣ? ድሮ ደቦ ይጠራል፣ ሰው ሁሉ ሸክም ሸክም ይዞ ይመጣል፣ ክዳኑ ይታደሳል። ኋላ ሣሩም ጠፋ፣ የሚከድነውም አረጀ። ቆርቆሮው ጥሩ ነው፣ አያፈስም። ክረምት ላይ ግን ዝናቡ ሲወርድበት ቅዳሴው አይሰማም። ቄሱ ይጮኻሉ፣ ዝናቡ ይጮኻል።»

ሐይቁ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ታንኳ ይቀዝፍ ነበር። አባባ የበረንዳውን ምሰሶ በዓይናቸው ከላይ እስከ ታች ለኩት።

«እነዚህ ሣሩ እንዳይጠፋ ጫካውን አጠሩት» አሉ። «እኛ ቤቱን ነው ያጠርነው፣ ሜዳውን ረሳነው።»

ስንመለስ ልጄ መኪና ውስጥ ተኛች። አባባ ግን እስከ ሴንት ፖል ድረስ ነቅተው ነበር፤ እያንዳንዱን የእርሻ ጎተራ እያዩ፣ ጣሪያው የዘመመውን «ያ ሰው የለውም» እያሉ። በጥር ወደ አገራቸው ገቡ። ለአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል፣ ለጥር 13፣ እደርሳለሁ ብለው ነበር የቸኮሉት፤ ደረሱም።

በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር አካባቢ ይመስለኛል፣ ስልክ ላይ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህቴ ልጅ ሠርግ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ ስናወራ ቆየንና ድንገት «ያ ግንድ ቤት እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ አባባ። አሁን ተዘግቷል። በብርዱ ወራት አይከፈትም፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሰው አያድርበትም።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«አባባ? ይሰማል?»

«ይሰማል። ሰባት ወር?»

«አዎ፣ በረዶ ነው።»

የሣር ቤት ውስጥ ያደገ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ምድጃው በየቀኑ ካልጨሰ ክዳኑን ነቀዝ ይጨርሰዋል፣ ማገሩ ይሻግታል። ጥቀርሻው ነው ቤቱን የሚያቆመው። ሎጁ ሌላ ነው፣ ቆላፊና ጥገና ሠራተኛ አለው፣ ብርዱ ራሱ ነቀዙን ይገድላል ብዬ ላስረዳቸው ጀመርኩ።

«እሱስ ይሁን» አሉ። «እሳቱን ግን ማን ያነድበታል?»